በወረርሽኝ ጊዜ የሚካሄድ የውጭ አገር ትምህርት ምልመላ፦ ከቦንጋ ሲታይ

የውጭ አገር ትምህርት ምልመላ ዓላማ ብቁውን ተማሪ መለየት ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ግን ከችሎታ ውጭ ያሉ ሁኔታዎች ምርጫውን ምን ያህል እንደሚወስኑ አሳይቷል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በመዘጋታቸው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከ 2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ዘገየ። የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ጊዜ ግን የኢትዮጵያን ፈተና አይጠብቅም፤ ውጤት ያልያዘ አመልካችም ማስረጃው ጎዶሎ ይሆናል። ቻይናም በዚያው ወር ለውጭ ዜጎች ድንበሯን ዘግታ እስከ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹን ተማሪዎች ስላላስገባች፣ ዕድሉን ያገኙትም ባሉበት ሆነው በኢንተርኔት ለመማር ተገደዱ።

የቶፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በ2012 ዓ.ም. በቤት ውስጥ መሰጠት መጀመሩ ርቀትን የሚያስቀር መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ ተፈታኙ ካሜራ ያለው ኮምፒዩተር፣ የማይቋረጥ የኢንተርኔት መስመርና ብቻውን የሚቀመጥበት ክፍል ያስፈልገዋል። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቦንጋ፣ ይልቁንም በካፋ ዞን የገጠር ቀበሌዎች፣ እነዚህን ሁሉ አሟልቶ መገኘት ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ነው።

ስለሆነም ዝግጅቱ አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል። ይኸውም፦ መምህራን የተማሪውን ውጤት ከ9ኛ ክፍል አንሥቶ በየዓመቱ አረጋግጠው ቢይዙ፤ በቦንጋ የሚገኙት ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ የኮምፒዩተር ክፍሎቻቸውን ለአመልካቾች ቢከፍቱ፤ የዕቅድ ባለሙያዎችም ከተቀባይ አገሮች ጋር በሚደረጉ ስምምነቶች ውስጥ የዘገየ ውጤት ተቀባይነት የሚያገኝበትን አንቀጽ ቢያስገቡ ነው። ይህ ካልተደረገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የገጠሩ ተማሪ ገና ሳይፈተን ከውድድሩ ይወጣል።