ሐኪሙ ወጡን ማን እንደሚሠራ ቢጠይቅስ?

መቼም እናት ወይም አባት ይዞ ሐኪም ቤት የሄደ ሁሉ ይቺን ነገር ያውቃታል። ካርድ ታወጣላችሁ፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ትጠብቃላችሁ፣ ከገባችሁ በኋላ ግን ነገሩ በሦስት ደቂቃ ያልቃል። እኔም ደም ግፊት ያለባትን እናቴን ይዤ የሄድኩ ዕለት የገጠመኝ ይኸው ነው። ሐኪሙ ቀና እንኳን ሳይል «እማማ፣ ጨው ይተዉ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ፍራፍሬ ያዘውትሩ» አላትና መድኃኒት ጽፎ «ቀጣይ!» አለ።

ምክሩስ ልክ ነው። ግን ቤት ስንገባስ? ጨው የሌለው አልጫ ለብቻዋ ሠራሁላት። ሦስት ቀን ቀማመሰችው። በአራተኛው ቀን ሳህኗን ገፋ አድርጋ «ተላላፊ በሽታ የያዘኝ ይመስል ለብቻዬ አልበላም!» አለችና ወደ ትሪያችን ተጠጋች። ምን ይባላል? ተጎራርሶ ለኖረ ሰው ለብቻ መብላት ከበሽታው ይብሳል።

በቀጠሮዋ ቀን ግፊቷ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። እኔ ክው አልኩ። የለካቻት ሲስተር ግን አልተቆጣችም። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «እማማ፣ ትናንት ምሳ ምን በሉ?» አለቻት።

«ሽሮ።»

«ወጡን የሚሠራው ማነው?»

እናቴ በአገጯ ወደኔ ጠቆመች። «በይ አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ። አብረን ቆጠርን። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ በርበሬውም ሲደለዝ እንዲሁ፤ እኔ ደግሞ ድስቱ ላይ በማንኪያ እጨምራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም!

ሲስተሯ ያዘዘችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድስቱ ላይ የሚጨመረውን ጨው ለመላው ቤተሰብ ማስቀረት፣ በምትኩ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ማብዛት። ፖም ግዙ አላለችንም፤ የጠራችው ከጉልት የሚገኘውን ጎመንና ቆስጣ ነው። «በቀጠሯችሁ እንዴት እንደሆናችሁ ትነግሩኛላችሁ» ብላ ሸኘችን።

እናቴ ድናለች አልልም፤ መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። ግፊቷ ግን ወረድ ብሏል፤ የምትበላውም ከእኛው ጋር ነው።

ሐኪሞቻችን፣ ወረፋው እንደሚያጣድፋችሁ እናያለን። ሆኖም «ምን በሉ? ማን ይሠራል?» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ስኳር ላለባቸው ደግሞ «ይጾማሉ ወይ?» የሚል ይጨመር። ኢንሱሊን እየተወጉ ምግብ የሚያልፉ ሰዎች ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ብዙ እናቶች ግን ካልተጠየቁ ትንፍሽ አይሉም።

እናንተም ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ወጣቶች፣ ኮሪደር ላይ አትቅሩ። አብራችሁ ግቡና ድስቱ ውስጥ የምትጨምሩትን ሳትደብቁ ተናገሩ። እኔ ያችን ማንኪያ ቀደም ብዬ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ እናቴ ለብቻዋ ባልበላች ነበር።