ያላለቀ ሥራ በእንግሊዝኛ እንዴት ይነገራል?

በአማርኛ «ከአሥር ዓመት ወዲህ በዚህ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ» ብንል ንግግራችን የተቃና ነው። ይህንኑ ቃል በቃል መልሰን «አይ ወርክ ሂር ፎር ቴን ይርስ» ብንል ግን የእንግሊዝኛው ሰዋስው ይፈርሳል። «አይ ወርክድ» ያልን እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ አንባቢው ሥራውን ትተን የሄድን ይመስለዋልና። ይህም ለደረጃ ዕድገት በሚጻፍ ማመልከቻ ላይ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ቀድሞ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ላልተቋረጠ ሥራ ትክክለኛው አነጋገር «አይ ሃቭ ወርክድ» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ» ነው፤ ሁለተኛው የሥራውን ቀጣይነት ያጎላል። ድርጊትን ሳይሆን ሁኔታን የሚገልጹ ግሦች ግን፥ ለምሳሌ ማወቅ፥ ሁለተኛውን መልክ አይቀበሉም፤ «አይ ሃቭ ኖውን ሂም» ይባላል። የጊዜውን ርዝመት «ፎር»፥ መነሻውን «ሲንስ» ያስረዳል።

ስለዚህ ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ነገሩ አልቋል ወይስ ገና አለ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።