ብዥታም ለእውነት ይጠቅማል

ባለፈው ሰሞን አንዲት አጭር ፊልም ሠርተን በወዳጆቻችን ፊት አሳየን። የቆመች ሚኒባስ ፎቶግራፍ ከጀርባዋ ለይተን ቈረጥንና በቪዲዮ በተነሣ መንገድ ላይ በኮምፒዩተር አስከነፍናት። ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል ብለን ስንጠብቅ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅም «ወረቀት ናት!» ብሎ ጮኸ። ሦስት ሳምንት የደከምንበት ሥራ በአንድ ቃል ፈረሰ።

ልጁ ግን እውነቱን ነበር። የሲኒማ ካሜራ እንደ ልማዱ በሰከንድ 24 ሥዕሎች ያነሣል፤ የመዝጊያው ማዕዘን 180 ዲግሪ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሥዕል ብርሃን የሚያገኘው ለሰከንድ 1/48ኛ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚሮጠው ነገር ከቦታው ስለሚሸሽ ጠርዙ ደብዝዞ ይቀረጻል። ዓይናችንም ይኸንን ብዥታ ለምዶታል። የኛ ሚኒባስ ግን እየከነፈች እንደ ቆመ ነገር ጥርት ብላ ትታይ ነበር።

ይህ ችግር ከኛ በፊት ትልልቆቹንም ፈትኗቸዋል። አሻንጉሊት በጥቂት በጥቂቱ እያነቃነቁ አንድ በአንድ በማንሣት የሚሠሩት ፊልሞች ይንገጫገጩ የነበሩት፣ አሻንጉሊቱ ሥዕሉ በሚነሣበት ጊዜ ፈጽሞ ስለሚቆም ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ለወጣው «ድራገንስሌየር» ለተባለው ፊልም ግን፣ ፊል ቲፔትና የሥራ ጓደኞቹ መዝጊያው ክፍት ሳለ ዘንዶውን በሞተር እያንቀሳቀሱ አነሡት፤ ዘንዶውም ነፍስ የዘራ መሰለ።

ዛሬ ሞተር አያስፈልግም። አፍተር ኢፌክትስ በተባለው ፕሮግራም የብዥታውን ማብሪያ በሚንቀሳቀሰው ሌየር ላይና በጠቅላላው ሥራ ላይ ማብራት፣ ቀጥሎም የመዝጊያውን ማዕዘን መንገዱን ካነሣው ካሜራ ጋር ማስማማት ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን። ነገር ግን ጎማዎቹ ገና አልዞሩም ነበርና፣ እነርሱንም ለየብቻ ቈርጠን እንደ ፍጥነቷ መጠን አዞርናቸው። በዚህ ጊዜ የጎማው ላይኛው በኩል እጅግ ሲደበዝዝ መሬት የሚነካው ጫፍ ጥርት ብሎ ቀረ፤ በእውነተኛ መንገድም የሚሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛ ባሳየን ጊዜ ያው ልጅ «ሹፌሩ ማን ነበር?» ሲል ጠየቀን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሥራችንን የሚነቅፍ ሁሉ ጠላት አይደለም። የመጀመሪያውን ሳቅ ንቀን ብናልፈው ኖሮ፣ ዛሬም ወረቀት ስናስከንፍ በተገኘን ነበር።