አቶም በባሕር ላይ
(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር)

ከጎተራ ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ ወደ ሥራዎ የሚመላለሱ ከሆነ፣ ንፋስ ስልክ የሚባለውን ሰፈር በየቀኑ ያልፉበታል። ስሙ ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፈውን ቴሌግራፍ የሚያመለክት ሲሆን፣ «ራዲዮ» የሚለው ቃል ገና ሳይለመድ አባቶቻችን በራሳቸው ቋንቋ ያወጡለት ነው። ስለ አቶሚክ መርከብ በራዲዮ ያሰማነውን ንግግር የተከታተሉ አንድ የዚሁ ሰፈር ነዋሪ፣ የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ይህን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ስለዚህም ንግግሩን ከመልሱ ጋር አያይዘን እናቀርባለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

አቶሚክ መርከብ ሲባል ብዙ ሰው ቦምብ የጫነ መርከብ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ስያሜው የመጣው ከጭነቱ ሳይሆን ከምድጃው ነው። በእንፋሎት መርከብ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ወይም ዘይት ነዶ ውኃ ያፈላል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም መርከቡን ይነዳል። በአቶሚክ መርከብም ይኸው ነው፤ የሚለየው እሳቱ ብቻ ነው። ሪአክተር በሚባለው ምድጃ ውስጥ የዩራንየም አቶም እምብርት ኒውትሮን በምትባል ቅንጣት ተመትቶ ሲሰነጠቅ፣ ሙቀትና ሌሎች ኒውትሮኖች ይወጣሉ፤ እነርሱም በተራቸው ሌሎቹን አቶሞች ይሰነጥቃሉ። ኒውትሮን የሚውጡ ዘንጎች ወደ ውስጥ ሲገቡ ምድጃው ይበርዳል፤ ሲወጡ ይግላል። አንድ ኪሎ ግራም ዩራንየም 235 ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ የሚሰጠው ሙቀት ከ2,500 ቶን የድንጋይ ከሰል ይበልጣል።

የባሕር ኃይል ሰዎችን ይበልጥ የማረካቸው ግን ይህ እሳት አየር የማይፈልግ መሆኑ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ስለዚህ የድሮው ሰርጓጅ መርከብ በባትሪ ኃይል ጥቂት ከሄደ በኋላ ባትሪውን ለመሙላት ወደ ውኃው ፊት መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር፤ በጠላት ዓይን የሚገባውም በዚሁ ሰዓት ነው። ይህን ችግር ያስወገደችው በአድሚራል ሃይማን ሪኮቨር መሪነት የተሠራችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ ናት። በአቶም ኃይል መጓዝ የጀመረችው ጃንዩወሪ 17 ቀን 1955 ሲሆን፣ በመጀመሪያው ነዳጇ ብቻ ከ60,000 ማይል በላይ ሄዳለች። ኦገስት 3 ቀን 1958 ደግሞ 116 ሰዎች ይዛ ከበረዶው በታች በሰሜን ዋልታ በኩል አለፈች። እንዲህ ያለው መርከብ የሚጠጣውን ውኃም የሚተነፍሰውንም አየር ከባሕሩ ያወጣል። የጉዞውን ርዝመት የሚወስነው እንግዲህ ነዳጁ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ ያከማቸው ስንቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው የንፋስ ስልክ ነገር የሚመጣው። ጨዋማ ውኃ ተራውን የራዲዮ ማዕበል ከፊቱ ገና ሳይዘልቅ ይውጠዋል፤ በጥልቅ የተደበቀው መርከብ የማይታየውን ያህል አይሰማምም። ወደ ታች ዘልቆ የሚገባው እጅግ ረጅሙ ማዕበል ብቻ ነው። አሜሪካኖች ከ1989 እስከ 2004 በዊስኮንሲንና በሚሺጋን ያቆሙት ጣቢያ በሰከንድ 76 ጊዜ ብቻ በሚርገበገብ ማዕበል ይሠራ ነበር። የአንዱ ማዕበል ርዝመት 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ካለው ርቀት ይበልጣል። በጫካው ውስጥ በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋው ሽቦ በሁለቱም ቦታ ቢደመር ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ካለው መንገድ ይረዝማል። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ጣቢያው ጥቂት ፊደላትን ለማስተላለፍ ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር። መርከቡም በዚያው መንገድ መልስ መስጠት አይችልም፤ መስማት ብቻ ነው። ሥራዬ በራዲዮ መናገር ስለሆነ፣ መልስ የማይሰጠው የዚህ አድማጭ ነገር ዘወትር ያስገርመኛል።

በሰላማዊው ንግድ በኩል የተሞከረው ግን ብዙም አልሠመረም። አሜሪካ በ1959 ወደ ባሕር ያወረደቻት ሳቫና የተባለች መርከብ 60 መንገደኞችና ጭነት የምትይዝ፣ እጅግ ያማረች ነበረች። ስሟንም በ1819 አትላንቲክን ካቋረጠችው የእንፋሎት መርከብ ወርሳለች። ይሁን እንጂ ለጭነት መርከብነት ውበቷ በዛ፤ የጭነት ቦታዋ አነሰ፤ የባሕረኞቿም ደመወዝ ጠብ አስነሣ፤ ዘይትም በዚያን ጊዜ ርካሽ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከሥራ ወጣች። ጀርመኖች ኦቶ ሃን የተባለችውን መርከባቸውን ከ1968 እስከ 1979 በአቶም ካሠሯት በኋላ ወደ ናፍጣ መለሷት። የጃፓኗ ሙትሱ ደግሞ በ1974 ለሙከራ እንደ ወጣች ጨረራ ስላፈተለከባት፣ ዓሣ አጥማጆች ወደ ወደቧ እንዳትመለስ ከ40 ቀን በላይ ከልክለዋታል። በዚህ ነገር የተሳካላቸው ሩሲያውያን ናቸው፤ እነርሱም በረዶ ለሚሰብሩ መርከቦች አዋሉት። ሌኒን የተባለችው የመጀመሪያይቱ ከ1959 እስከ 1989 አገልግላለች። በበረዶ መካከል ለወራት ለሚቆይ መርከብ ነዳጅ የሚቀዳበት ስፍራ የለምና፣ የአቶም ምድጃ በውድነቱ የማይነቀፈው በዚያ ብቻ ነው።

አደጋውንም መሸሸግ አይገባም። በጁላይ 1961 ኬ 19 በተባለችው የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ የሪአክተሩ ማቀዝቀዣ ፈስሶ፣ ሊጠግኑት ከገቡት ባሕረኞች 8ቱ በሦስት ሳምንት ውስጥ በጨረራ ሞተዋል።

አሁን ወደ ጠያቂያችን እንመለስ። የኛ ባሕር ኃይል በ1955 ተመሥርቶ በምጽዋ ሲሠፍር፣ በማደራጀቱ የኖርዌይ መኰንኖች ረድተዋል። ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች ስትሆን በናፍጣ የምትሄድ ነበረች። በዚያው ዘመን፣ በ1961፣ አሜሪካ 8 ሪአክተሮች ያሏትን ኢንተርፕራይዝ የተባለች የአውሮፕላን ተሸካሚ ሥራ ላይ አውላለች፤ የአቅሙ ልዩነት ከዚህ ይታያል። ምጽዋ በ1990 ከእጅ ወጣች፤ የተረፉት መርከቦች በ1991 ወደ የመን ሄዱ፤ «ኢትዮጵያ»ም በ1993 ለብረታ ብረትነት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉ በ1996 ፈርሶ፣ እንደገና ለማቋቋም በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ።

ነገር ግን መርከብ ባይኖረንም ባሕሩ ከኪሳችን አልራቀም። ከኖቬምበር 2023 እስከ ጁን 2024 ድረስ ሁለት ሪአክተሮች ያሏት የአሜሪካዋ አይዘንሃወር፣ በቀይ ባሕርና በአካባቢው ሆና የየመን ሁቲዎች በንግድ መርከቦች ላይ ያደረሱትን ጥቃት ስትመክት ቆይታለች። መርከቢቱ ራሷ ዘይት አልፈለገችም፤ አውሮፕላኖቿና ባሕረኞቿ ግን ነዳጅና ስንቅ በሌሎች መርከቦች ይመጣላቸው ነበር። ያም ሆኖ ብዙ የንግድ መርከቦች ከጥቃቱ ለመሸሽ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞሩ፤ ኪራዩም ወጣ። የኛ ዕቃ በጅቡቲ በኩል የሚገባ መሆኑን ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከሱቅ ሲገዛ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ የቀረበ ነው። በ1957 በአሜሪካ ሺፒንግፖርት ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በዚያው በሪኮቨር ሥር የተሠራ ሲሆን፣ ምድጃውም ከመርከብ የተገኘ ነው። ዛሬ በዓለም ያሉት አብዛኞቹ የአቶሚክ ማመንጫዎች ውኃን በከፍተኛ ግፊት እያሞቁ የሚሠሩ፣ የናውቲለስ ዓይነት ናቸው። ሩሲያም ለበረዶ ሰባሪ የሠራችውን ምድጃ አሻሽላ፣ 70 ሜጋዋት የሚያመነጭ ተንሳፋፊ ጣቢያ ከ2019 ጀምሮ በፔቬክ ወደብ ታሠራለች። በሴፕቴምበር 2025 ኢትዮጵያ የአቶሚክ ማመንጫ ለማቋቋም የሚያስችል የሥራ ዕቅድ በሞስኮ ፈርማለች። እንግዲህ ጠያቂያችን ከባሕር የራቀ የመሰላቸው ነገር፣ አንድ ቀን የቤታቸውን መብራት የሚያበራ ሊሆን ይችላል።

የዚያን ጊዜ በጀት ለሚያዘጋጁ መኰንኖች ግን የሳቫናን ነገር ደግመን እናስታውሳለን፤ ሥራዋን ካቆመች 50 ዓመት አልፎ የሪአክተሯ ዕቃ ከሆዷ የወጣው በ2022 ነው።

በሚመጣው ሳምንት ጨረራ በሐኪም ቤት ስለሚሰጠው አገልግሎት እንነጋገራለን።