ፎቁ በየወሩ ስንት ይበላል?

ወንጪ ላይ ቤት ያለው ሰው ጣሪያው ሲያፈስ መሰላል ያቆማል ወይም አናጺ ይጠራል። ቆርቆሮው የራሱ ነው። ዘንድሮ ይቀየር ወይስ ገብሱ እስኪሸጥ ይቆይ ብሎ የሚወስነውም እርሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ የገዛ ሰው ግን ከግድግዳው ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ የያዘው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የውኃ መስመሩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱና ግቢው የጋራ ናቸው። የሚጠገኑትም ጎረቤት ሲስማማና ሲያዋጣ ነው። የገጠርና የአነስተኛ ከተማ ቤት ለለመደ ገዢ መጀመሪያ ሊገባው የሚገባው ይህ ነው።

ፎቅ ላይ ቤት የመግዛት ጥያቄ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በወንጪ ቤተሰቦች ዘንድ ይነሳል። ልጆች አዲስ አበባ ሥራ ይይዛሉ፣ ኪራይ ይከብዳል፣ ወንድምና እህት ገንዘብ አሰባስበው አንድ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት ያስባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ መሆኑ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ሻጩ የጠራው ገንዘብ ቤቱን በስምዎ አያደርገውም። የባለቤትነት ሰነድ ሲዘዋወር የቴምብር ቀረጥ አለ፤ እርሱም ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው። ለስም ማዘዋወሪያ የሚከፈል የአገልግሎት ክፍያ፣ የውልና ማስረጃ፣ የደላላው ድርሻም ይጨመራሉ። ቤቱ ፊኒሺንግ ያልተሠራለት ከሆነ ሴራሚኩ፣ ጂፕሰሙ፣ የወጥ ቤት ቁም ሣጥኑ፣ በርና መብራቱ ሌላ ራሱን የቻለ ወጪ ናቸው። በመንግሥት የ20/80 ኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር የደረሰ ቤት ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ የመሸጫ ጊዜ ደርሶ እንደሆነ ያጣሩ። እነዚህ ቤቶች ለ5 ዓመት ከውርስ በቀር ለሌላ እንዳይተላለፉ ተከልክለው ነበርና በውክልና ብቻ የሚሸጥ ቤት ሲቀርብልዎ ርካሽነቱ አያታልልዎት። የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማስረጃ ሳያዩ ቀብድም አይስጡ።

ከባንክ ተበድሮ የሚገዛ ሰው ወለዱን በወር ሳይሆን በድምሩ ይመልከት። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደሩ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 13,170 ብር ይሆናል። 240 ወር ሲከፈል ድምሩ 3 ሚሊዮን 160 ሺህ ብር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሆነው ወለድ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰውም ከዚህ ስሌት ነጻ አይደለም። 3 ሚሊዮን ብር በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 210,000፣ በወር 17,500 ብር ያስገኛል። ቤቱን ሲገዙ የሚተዉት ገቢ ይህ ነው። እርግጥ ባለፉት ዓመታት የኑሮ ውድነቱ ከቁጠባ ወለድ በፍጥነት ሲሮጥ ስለቆየ ገንዘብን በቤት መልክ ማቆየት ብዙዎችን ጠቅሟል። እኔም ቤት መግዛትን አልቃወምም። ግን «ኪራይ የባከነ ገንዘብ ነው» የሚለው አባባል ወለዱንና የተተወውን ገቢ ካልቆጠረ ሙሉ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ብዙ ገዢ የማይጠይቀው እዚህ ጋ ነው።

በኢትዮጵያ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጥቷል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በስፋት የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አዋጁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖራቸው፣ የጋራ የሆነውን ክፍል ማኅበሩ እንዲያስተዳድርና እያንዳንዱ ባለቤት ለጋራ ወጪ እንዲያዋጣ ይደነግጋል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ሕንፃ ይመሳሰላል። በተግባር ግን አንዱ ብሎክ በየዓመቱ ሒሳቡን ለጠቅላላ ጉባኤ የሚያቀርብ ኮሚቴ ሲኖረው፣ ቀጥሎ ያለው ብሎክ የጥበቃ ደመወዝ እንኳ በልመና ይሰበስባል። ዋጋቸው ግን እኩል ይጠራል። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ቤት በካሬ ብዙ ብር ቢጨመርበት እንኳ ይሻላል።

ስለዚህ ሴራሚኩን ከማየትዎ በፊት የማኅበሩን ሰብሳቢ ያግኙ። ወርኃዊ መዋጮው ስንት ነው? ስንት ቤት ይከፍላል፣ ስንቱስ አይከፍልም? ባንክ ውስጥ የተቀመጠ መጠባበቂያ አለ? ባለፉት ሁለት ዓመታት ምን ተጠገነ? ሻጩ ያልከፈለው ውዝፍ አለበት? ዝቅተኛ መዋጮ ደስ ይላል። ነገር ግን መዋጮው የሚበቃው ለጥበቃና ለጽዳት ብቻ ከሆነ ሕንፃው እያረጀ ነው ማለት ነው፤ ዕዳው ለሚቀጥለው ገዢ እየተጠራቀመ ነው።

አንድ የውኃ ፓምፕ እንውሰድ። ፓምፑ ተቃጥሎ አዲሱን ለመግዛትና ለመትከል 300,000 ብር ተጠየቀ እንበል። በብሎኩ 24 ቤቶች ካሉ ለእያንዳንዱ 12,500 ብር ይደርሰዋል። ይህ ገንዘብ በአንድ ሳምንት ይምጣ ሲባል ግማሹ ነዋሪ የለኝም ይላል፣ ታች ያለው «እኔ ጋ ውኃ ይደርሳል» ይላል፣ ላይኛው ፎቅ በጀሪካን ይሸከማል። ያው ገንዘብ ለ5 ዓመት በየወሩ ቢቀመጥ ኖሮ ለአንድ ቤት 208 ብር ብቻ ነበር። የውጭ ቀለም፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የጉድጓድ ማስመጠጫም እንዲሁ ይሰላሉ። በአንዳንድ አገሮች ገዢዎች ለጥገና በዓመት የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ ያህል እንዲመድቡ ይመከራሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን የቤቱን ዋጋ የሚያንረው በአብዛኛው ቦታው ስለሆነ ይህ ልኬት አሳሳች ነው። የሚያረጀውን ዕቃ እየቆጠሩ ማስላት ይሻላል።

ሊፍት ያለው ሕንፃ ሌላ ነገር ነው። ሊፍት በየጊዜው ባለሙያ ይፈልጋል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ ይፈልጋል። መለዋወጫው ከውጭ ስለሚመጣ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ወጪው በብር ሲቆጠር በጣም ጨምሯል። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ በዋጋ የሚቀንሰው በምክንያት ነው። አረጋዊት እናትዎን ከወንጪ ለሕክምና ሲያመጡ ያ ቅናሽ በደረጃው ላይ ይከፈላል።

የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች አሁን 20 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ቦታቸው ጥሩ ነው፤ ቧንቧቸው ግን አብሮ አርጅቷል። ስለዚህ ቤቱን በክረምት፣ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ይዩት። የመታጠቢያ ቤቱን ኮርኒስ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ቢጫ እድፍ ካለ ከላይኛው ቤት እየፈሰሰ ነው፤ ጥገናውም የሚጀምረው በሌላ ሰው ወለል ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በየትኛው ቀን እንደሚመጣና ፎቁ ድረስ እንደሚወጣ ሻጩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ። ሮቶ ማስቀመጫ ቦታ አለ?

ግብርም አለ። ለዓመታት የሚታወቀው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ነበር። ጥር 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ስላጸደቀ ገዢው ዓመታዊ ግብርን እንደ ትንሽ ነገር ሊያልፈው አይችልም። ለማከራየት የሚገዛ ሰው ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ያንብብ። ኪራይ እንደ ድሮው በፈለጉት ወር አይጨመርም፣ ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው። ፓምፑና ሊፍቱ ግን ይህን አይጠብቁም።

ከተማ ዳር ያሉት እንደ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ያሉ ሰፈሮች በዋጋ ይቀላሉ። ልጁ ሥራው መርካቶ ከሆነ የታክሲው ወጪና በሰልፍ የሚጠፋው ጊዜ በየወሩ ከቤቱ ወጪ ጋር ይደመር።

በመጨረሻም ገዢው ራሱ አምቦ ወይም ወንጪ የሚቀመጥ ከሆነ አንድ ነገር ይቀራል። የማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ እርሱ የለም፤ ተከራዩ ወይም ልጁ ቢገኝ ድምፅ የለውም ይባላል፤ መዋጮው ግን ይወሰንበታል። ውል በሚፈርሙበት ሰሞን፣ አዲስ አበባ ላለ የሚያምኑት ሰው በስብሰባ እንዲገኝ፣ ድምፅ እንዲሰጥና ክፍያ እንዲፈጽም የሚያስችል፣ ቤቱን መሸጥን ግን የማይጨምር ውክልና በውልና ማስረጃ ይስጡ። የስድስት ወር መዋጮም በቅድሚያ ለማኅበሩ ገቢ አድርገው ደረሰኙን ይያዙ።