ከትውውቅ ወደ መዝገብ፦ የዩኒቨርሲቲዎቻችን የአይሲቲ ድጋፍ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ነው፤ የማለፊያው ነጥብም 50 በመቶ ነው። ተማሪው በፈተናው ጠዋት መለያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሲያስገባ ስዊቹ፣ ኬብሉ፣ ኢንተርኔቱ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ የሚይዘው ዩፒኤስ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መሥራት አለባቸው። የዓመታት ልፋት ባረጀ የዩፒኤስ ባትሪ ምክንያት ሊስተጓጎል ይችላል። የሬጅስትራር፣ የደመወዝና የግዢ ሥራም እንዲሁ በሲስተም ላይ የቆመ ነው። ሆኖም በብዙ ቦታ የአይሲቲ ድጋፍ የሚታሰበው ዕቃ ሲበላሽ ብቻ ነው። ችግሩ ሲነሳ ቶሎ የሚጠቀሰው የዕቃና የበጀት እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ ከእሱ የሚቀድም ጉድለት ግን አለ፤ ብልሽቱ አይመዘገብም።

የአንድ ትምህርት ክፍል ኮምፒውተር አልነሳም ሲል የተለመዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ደብዳቤ ነው፦ ኃላፊው ይጽፋል፣ የአይሲቲ ዳይሬክቶሬቱ ለባለሙያ ይመራል፣ ባለሙያው አይቶ ፓወር ሰፕላይ ተቃጥሏል ይላል፣ የግዢ ጥያቄ ይቀርባል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ቅጽ ይወጣል። ሁለተኛው ለሚያውቁት ቴክኒሺያን መደወል ነው። ይህኛው ስለሚፈጥን ሰው ሁሉ ይመርጠዋል፤ አይፈረድበትም። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው። ትናንት የተቀጠረው መምህርና ራቅ ባለ ካምፓስ የምትሠራው ጸሐፊ የሚደውሉለት ሰው ስለሌላቸው ወረፋቸው ወደ ኋላ ይቀራል። በስልክ የተጠገነው ዕቃም ታሪክ አይኖረውም። የሞዴል ቅጾቹ ዕቃው በማን እጅ እንዳለ ይናገራሉ እንጂ ስንት ጊዜ፣ በምን ምክንያት እንደተበላሸ አይናገሩም። በዚህ የተነሳ በየሴሚስተሩ የሚቃጠለው ስዊች በየጊዜው እንደ አዲስ ችግር ይታያል፤ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይሁን የዕቃው ጥራት የሚለይ አይኖርም።

መዝገብ ሲኖር ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ስንት ኮምፒውተር እንዳለው፣ የትኛው ወደ ዊንዶውስ 11 እንደሚያድግ፣ የትኛው በዕድሜው ምክንያት እንደማይችል ዘርዝሮ የያዘ ተቋም ግዢውን በየዓመቱ ከፋፍሎ ማቀድ ይችላል። ዝርዝር የሌለው ግን ቫይረስ እስኪገባ ይጠብቃል።

ቅሬታ እንደሚነሳ ይገባኛል። በቢሮክራሲ ላይ ሌላ ቅጽ መጨመር ነው የሚል ይኖራል። የምለው ግን ደብዳቤውን የሚተካ አንድ አጭር ምዝገባ ነው፦ ቦታው፣ ችግሩ፣ የተመደበው ባለሙያ፣ የተፈታበት ቀን። ስልክ የደወለም ቢሆን ተቀባዩ ይመዘግብለታል። ማዕከላዊ መዝገብ አገልግሎቱን ከኮሌጆች ያርቃል የሚለውም ሊመለስ የሚችል ስጋት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስድስት ኪሎ እስከ ጥቁር አንበሳ፣ አልፎም እስከ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተዘረጋ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ፔዳና ፖሊ የሚባሉ ካምፓሶች አሉት። መዝገቡ አንድ ይሁን፣ ባለሙያው ግን በየካምፓሱ ይቀመጥ። ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ የሰው ኃይል ነው፤ ልምድ ያገኘ ባለሙያ የተሻለ የሚከፍል ባንክ ወይም ድርጅት ሲያገኝ ይሄዳል። መዝገብ ደመወዝ አይጨምርም። ነገር ግን ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር ጠቅልሎ እንዳይሄድ ያደርጋል፤ የሥራውን ብዛት በማሳየትም ዳይሬክቶሬቱ ተጨማሪ መደብ ሲጠይቅ ማስረጃ ይሰጠዋል።

ይህን ለመጀመር የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፤ በነፃ የሚገኙ የጥያቄ መመዝገቢያ ሶፍትዌሮች አሉ። የሚያስፈልገው የአመራር ውሳኔ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሴኔት የትምህርት ካላንደር ሲያጸድቅ በሴሚስተሩ ስንት የድጋፍ ጥያቄ እንደቀረበ፣ ስንቱ በስንት ቀን እንደተፈታ፣ የትኛው ካምፓስ እንደዘገየ ሪፖርት ይጠይቅ፤ ሪፖርቱም ለሠራተኛው ሁሉ ይገለጽ። ያኔ መምህሩ ሰው ስላወቀ ሳይሆን ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ ይስተናገዳል።