ድመቷና የኪራይ ውሉ

አከራይ «ድመት ይዞ መግባት አይቻልም» ቢል ምን ይደረጋል?

በቅድሚያ ድመት ነጃሳ አይደለችም። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) የልጃቸው ሚስት ለውዱእ ከቀዳችላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘነበሉላት። ሴቲቱ በመገረም ስታያቸው፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በዙሪያችን ከሚመላለሱት እንደሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውን አስረዷት። ስለዚህ «ሶላት ታበላሻለች» የሚል አከራይ ምክንያቱ ልክ አይደለም። የውሻ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ለአደን፣ ለከብት ወይም ለእርሻ ካልሆነ እርሱን መያዝ በየቀኑ አጅር ይቀንሳል።

ሆኖም የአከራዩ ምክንያት ልክ አለመሆኑ ውሉን አያፈርስም። ቤቱ የእርሱ ነው፤ ሙስሊምም ሐራምን ሐላል፣ ሐላልን ሐራም እስካላደረገ ድረስ በገባው ውል ይታሰራል። ፈርመው ከገቡ በኋላ ድመቷን ካርቶን ውስጥ ደብቆ ማኖር ቃል ማፍረስ ነው። መነጋገር ከመፈረም በፊት ነው። በ2016 ዓ.ል የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛልና ፈቃዱን እዚያው ማስጻፍ ይቻላል። አይጥ ያስቸገረው አከራይ ቶሎ ሳይስማማ አይቀርም!

ካልፈቀደስ? ከባዱ ይህ ነው። ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ድመቷን ባዶ ክፍል ቆልፎባት የሚሄድ አለ። አንዲት ሴት ድመት አስራ ሳታበላት፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት ድመቷ በመሞቷ፣ ሴቲቱ ለእሳት መዳረጓን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። እናም የቀድሞውን ቤት ቁልፍ ከመመለስ በፊት ድመቷን የሚረከብ ዘመድ ወይም ጎረቤት መፈለግ፣ የለመደችውን ምግብም አብሮ መንገር ያስፈልጋል።